የቆጡን አምፕሊፋየር ለማውረድ የብብትን ጊታር መጣል ይገባልን?

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚለው የአበው ተረት በብዙ ጉዳይ ላይ ሲነገር ኖሯል። በስደት ምድር ሙዚቃን የሙጥኝ ባሉ ወገኖች ላይ የሚሠራውን ያህል ግን በሌላው ላይ የሚሠራ አይመስልም። ሰኞ ከዓርብ ታክሲ ሲነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ወይም በሆስፒታል ተረኛ ሆኖ ሲያድር የሚሰነብተው ጊታሪስት፣ ቅዳሜ ማታ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ ላይ ጊታሩን አንግቶ ሲቆም ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው በዓመታት ድካም አንድ በአንድ ያጠራቀመው ዕቃ አለው፦ አንድ ሁለት ጊታር፣ ጥቂት ፔዳሎችና አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር። ከዕቃው በላይ ደግሞ ሕልም አለው። ሕልሙ በልጅነቱ በሸክላ ሲሰማው ያደገውን ድምፅ የሚያወጣው፣ በሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቆሞ የሚያየው ትልቁ አምፕሊፋየር ነው። ሱቁም “ያለህን አምጣና የጎደለውን ጨምረህ ውሰደው” ይለዋል። ይስጥ ወይስ አይስጥ?

ነገሩ ለማይመለከተው ሰው የቅንጦት ጭንቀት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በውስጡ ሦስት ከባድ ነገሮች አሉ። አንደኛው የቤት ኪራይ ከሚከፈልበትና ለአገር ቤት ከሚላክበት ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው እጅ ለዓመታት የለመደው መሣሪያ ነው፤ ይህ በቀላሉ ተመልሶ አይገዛም። ሦስተኛው ደግሞ የጊታር መድረክ ራሱ ነው። በብዙ ምግብ ቤቶች አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ጊታሩንም ተክቶ በሚሠራበት ጊዜ፣ አሁንም በእጁ የሚጫወት ጊታሪስት ቦታውን የሚያጣበት ወይም የሚያጸናበት ውሳኔ ቀላል አይደለም።

ነገሩን በሚዛን ላስቀመጠ ሰው መልሱ እንዲህ ይመስላል። ከእጅ የሚወጣው ዕቃ ከአልጋ ሥር የተኛ፣ የሚገባው አምፕሊፋየር ደግሞ ሰውየው በእርግጥ ለሚጫወትበት ቤት የሚስማማ ከሆነ ልውውጡ ደግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሕልሙ ይቆየው። በየሳምንቱ የሚጫወትበትን ጊታር ሰጥቶ የማይከፍተውን አምፕሊፋየር የሚያመጣ ሰው ኪሱንም ሙያውንም ይጎዳል።

በመጀመሪያ ለሕልሙ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። “ምን ያደርግልሃል፣ ድምፅ ያው ድምፅ ነው” የሚሉ ዘመዶች ተሳስተዋል። ክራርን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ክራር ክሩና እንጨቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተጫዋቹ ጆሮ አልፎ የሚሰማው አይኖርም ነበር፤ የሚያናግረው ከታች ያለው በቆዳ የተለበጠው ገበቴ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያልተቦረቦረ ደረቅ እንጨት ነው፤ ገበቴ የለውም። ገበቴው አምፕሊፋየሩ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ሰው የመሣሪያውን ግማሽ ገዛ ማለት ነው፤ ሌላው ግማሽ ወለሉ ላይ የሚቀመጠው ሣጥን ነው።

የቲዩብ አምፕሊፋየር ፍቅርም ከንቱ አይደለም። ቲዩብ ማለት በድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮኖች ውስጥ እየጋለ ቀይ ብርሃን ይሰጥ የነበረው የመስታወት ቱቦ ነው። እነዚያን ሬዲዮኖች የሚያስታውስ ሁሉ ከፍቶ እስኪሞቁ ይጠብቅ እንደነበር አይዘነጋውም። የጊታር አምፕሊፋየርም እንዲሁ ይሞቃል። ቲዩቡ ከአቅሙ ጫፍ ሲደርስ ድምፁን በአንዴ አይሰብረውም፤ ቀስ በቀስ ያሻክረዋል፣ ያወፍረዋል። የኢትዮጵያ ጆሮ ይህን ጣዕም ያውቀዋል። በገና ያንን ነዛሪ ድምፁን የሚያገኘው እንዚራ ከሚባለውና ከአውታሩ ሥር ከሚገባው ትንሽ ቆዳ ነው። ያ ቆዳ ቢወጣ አሥሩም አውታሮች ይሰማሉ፤ በገናነቱ ግን ይጠፋል። የጊታሪስቱ ሕልምም ዘር አለው ማለት ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ውስጥ የሰላም ሥዩምን ጊታር እየሰማ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ችግሩ ሕልሙ የተወለደበት አዳራሽና ሕልመኛው የሚጫወትበት ቤት አለመመሳሰላቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስማቸው የገነነው አምፕሊፋየሮች በየራሳቸው ምክንያት ትልቅ የሆኑ ናቸው። በካሊፎርኒያ ሊዮ ፌንደር የመሠረተው ኩባንያ በ1963 ያወጣው ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ጉልበትና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ሲሆን፣ ድምፁ ሳይሻክር ሰፊ አዳራሽ እንዲሞላ የታሰበ ነበር። በእንግሊዝ ቮክስ ኤሲ 30 የተሠራው፣ ዘ ሻዶውስ ለተባለው ባንድ የቀደመው ባለ 15 ዋት ስላልበቃው ነው። ማርሻልም በ1965 ባለ 100 ዋቱን የሠራው ዘ ሁ የተባለው ባንድ ተጨማሪ ጉልበት ስለጠየቀው ነበር። በዚያን ጊዜ የአዳራሽ ማይክሮፎንና የድምፅ መሣሪያ ደካማ ስለነበር የጊታሩን ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ማድረስ የአምፕሊፋየሩ ኃላፊነት ነበር።

በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በፍራንክፈርት ወይም በለንደን ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ግን ሌላ ነው። ከመድረኩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቤተሰብ ተቀምጦ ይበላል፤ ሕፃን አለ፤ ለዓመታት ያልተገናኙ ጓደኛሞች ያወራሉ፤ አስተናጋጇ ትእዛዝ መስማት አለባት። ትልቁ አምፕሊፋየር በዚህ ቤት ውስጥ ቁልፉ ከሁለት ቁጥር በላይ አይዞርም። ቲዩቡን ከአቅሙ ጫፍ አድርሶ ያንን ሸካራ ጣዕም ለማውጣት ደግሞ ከሁለት ቁጥር ብዙ ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰውየው የከፈለበት ድምፅ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ደፍሮ የከፈተው ቀን ደግሞ ባለቤቱ ከወጥ ቤት ወጥቶ በእጁ “ቀንሰው” ይለዋል። ይህ ሲደጋገም የሚቀነሰው ድምፁ ብቻ አይሆንም፤ ባለቤቱ በሚቀጥለው ወር ዘፋኝና ኪቦርድ ብቻ ቢጠራ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ስለ ዋት ያለውን የተለመደ ስሕተት ማረም ይጠቅማል። የዋቱ ቁጥር አራት እጥፍ ሆነ ማለት ድምፁ አራት እጥፍ ጮኸ ማለት አይደለም። የሰው ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲሰማው ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ በዚያው በ1963 የወጣው ባለ 22 ዋቱ ዴሉክስ ሪቨርብ ከባለ 85 ዋቱ ወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት የሰማይና የምድር አይደለም። ከከበሮ ጋር ለመሰማት ትንሹም ይበቃል። ትልቁ የሚበልጠው ድምፁ ንጹሕ እንደሆነ ብዙ ርቀት መሄዱ ነው፤ ይህም በየጊዜው በሰርግ አዳራሽና በበዓል ዝግጅት ላይ ለሚጫወት ሰው እውነተኛ ጥቅም ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ትዊኑ ሕልም ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነውና መግዛቱ ያስመሰግነዋል።

ትንሽ አምፕሊፋየር የትንሽ ሙዚቀኛ ምልክት ነው የሚለውም እምነት እውነት አይደለም። ኒል ያንግ በ1967 ያገኛትን፣ ጉልበቷ 20 ዋት እንኳ የማይሞላ የ1959 ፌንደር ዴሉክስ ይዞ በዓለም ታላላቅ መድረኮች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተጫውቷል፤ ለሕዝቡ የሚያደርሰው ማይክሮፎን ነው። ኤሪክ ክላፕተንም በ1970 ከባንዱ ጋር “ሌይላ” የተባለውን አልበም ሲቀርጽ የተጠቀመው ፌንደር ቻምፕ በተባለች አምስት ዋት ገደማ ባላት ትንሽ ሣጥን እንደነበር ይታወቃል። ድምፁ ትልቅ የሆነው በሣጥኑ መጠን አልነበረም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው። ሱቅ ያገለገለ ዕቃ ሲቀበል መልሶ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን መስጠቱ የተለመደ ነው። ኪራይ አለበት፣ ሠራተኛ አለው፣ ማትረፍ አለበትና በዚህ መውቀስ አይገባም። ሆኖም ልውውጡን የሚያስብ ሰው ቁጥሩን በወረቀት ላይ ቢያሰፍረው መልካም ነው። ሱቁ በ1,000 ዶላር የሚሸጠውን ጊታር ባለቤቱ የሚያስረክበው በ500 ወይም በ600 ዶላር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቢጸጸትና ያንኑ የመሰለ ጊታር ቢፈልግ 1,000 ዶላር ይከፍላል። የጸጸቱ ዋጋ 400 ወይም 500 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ዕቃውን ለሌላ ሙዚቀኛ በቀጥታ የሚሸጥ ሰው የተሻለ ያገኛል፤ ድካሙ ግን የራሱ ነው። የጎደለውን በክሬዲት ካርድ ለመሙላት የሚያስብ ደግሞ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚለውን ያስታውስ። አምፕሊፋየሩ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ወለዱ ግን በየወሩ ይመጣል።

ወጪው በዚህም አያበቃም። ቲዩብ ያልቃል፣ ይለወጣል፤ አሮጌ አምፕሊፋየር ጥገና ይፈልጋል። ይህን ሥራ በቤት ለመሞከር የሚያስብ ካለ አደጋውን ይወቅ። በእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ተጠራቅሞ የሚቆይ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ሥራውን ለሚያውቀው ባለሙያ መተው ግድ ነው።

ክብደቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ትዊኑ 29 ኪሎ ገደማ ሲሆን ዴሉክሱ 19 ኪሎ ያህል ነው። ልዩነቱ በሱቁ ውስጥ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ በክረምት፣ ሦስት መንገድ ርቆ ወደ ቆመ መኪና ሲሸከሙት ነው። አንድ ቀን ጠቅልሎ ወደ አገር ቤት ለመግባት የሚያስብም ቢሆን ሁለት ነገር ያስብ። በአውሮፕላን ለአንድ ሻንጣ የተለመደው ልክ 23 ኪሎ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕሊፋየር ደግሞ በ120 ቮልት እንዲሠራ የታሰበ በመሆኑ አዲስ አበባ ላይ በ220 ቮልት መስመር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። በመካከል ቮልቴጅ የሚቀንስ በቂ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እሱም ራሱን የቻለ ሸክም ነው።

ስለሚሰጠው ዕቃስ? እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንዳንዱ “ይህን በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ነው” እያለ ለአሥር ዓመት ያልነካውን ፔዳል እንኳ ለመልቀቅ አይሻም። ትዝታ የተከበረ ነገር ቢሆንም ጊታርና ፔዳል እንዲጫወቱባቸው የተሠሩ ናቸው። በሣጥን ውስጥ የሚዝጉ ከሆነ፣ አንድ ጀማሪ ወጣት ይዟቸው ቢማርባቸው ለዕቃውም ለባለቤቱም ክብር ነው። ሌላው ደግሞ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ሁሉን ነገር የሚሰጥ ነው። በየዓመቱ ዕቃ ይለውጣል፣ እጁ ግን ከአንዱም ጋር አይዋደድም። ለዚህኛው “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” የተባለው በቂ ነው።

እጅ የለመደው ጊታር ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚለይበት ምክንያት አለ። የአንገቱ ውፍረት፣ የክሮቹ ከፍታ፣ የትኛው ቦታ ላይ ጣት ሲንሸራተት ትዝታ እንደሚያለቅስ፣ አንቺ ሆዬ ውስጥ ያለችው ቅርብ ቅርብ የሆነች ድምፅ የት ላይ እንደምትወጣ፣ ይህን ሁሉ ጣት የሚያውቀው ሳያስብ ነው። ዘፋኙ በድንገት ቁልፍ ቢለውጥ እጅ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ይህ እውቀት በሱቁ የዋጋ ወረቀት ላይ አይጻፍም። አምፕሊፋየርን በአንድ ምሽት መልመድ ይቻላል፤ ጊታርን ግን በአንድ ምሽት የለመደ የለም። ስለዚህ ፔዳል ቢሸጥ፣ ትርፉ ጊታር ቢሸጥ፣ አሮጌዋ አምፕሊፋየር ብትሸጥ ያስኬዳል፤ የቅዳሜው ጊታር ግን ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው።

የሚወደውን ሰጥቶ ያተረፈም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፍሊትዉድ ማክ መሥራች የነበረው ፒተር ግሪን የ1959 ጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሩን ለወጣቱ ጌሪ ሙር በመጀመሪያ አዋሰው፤ ኋላም “የራስህን ጊታር ሽጠህ ያገኘኸውን ስጠኝ” ብሎ ሸጠለት። ሙር የነበረውን ጊብሰን ኤስጂ ሸጦ ያገኘውን አዲሱን እስከ 2006 ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዞት ኖሯል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ተዋሰው፣ ተጫወተበት፣ ከእጁ ጋር ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ ነው የያዘውን የሸጠው። ብዙዎች ግን መጀመሪያ ይሸጡና በኋላ ይሞክራሉ።

ከወገን መካከል ደግሞ የኃይሉ መርጊያ ሕይወት ትልቅ ትምህርት አለው። በአዲስ አበባ ሒልተን ስሙን የገነባው የዋልያስ ባንድ በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲመጣ እዚሁ ከቀሩት አባላት አንዱ እሱ ነበር። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋሕዶ ካሴት አወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኘው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ነገር ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው አይለይም ነበርና፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይጫወት ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ የዓለም አድማጭ ሲያገኘው እጁ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 “ላላ በሉ” የተሰኘውን አዲስ አልበሙን አወጣ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሙያውን የጠበቀለት ውድ መሣሪያ ሳይሆን በየቀኑ በእጁ የሚገባ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ አሁን በውሳኔ ላይ ያለ ሙዚቀኛ ምን ቢያደርግ ይሻለዋል? መጀመሪያ የተመኘውን አምፕሊፋየር ለአንድ ቅዳሜ ይከራይ ወይም ከሚያውቀው ሰው ይዋስ። በሱቅ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ መሞከር በቂ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ እንጀራ የሚበላ ሰው የለም። የሚጫወትበት ቤት ወስዶ በራሱ ጊታር፣ ከራሱ ባንድ ጋር፣ ሰው በተሰበሰበበት ይክፈተው። በማግሥቱ ዘፋኙንና የምግብ ቤቱን ባለቤት ይጠይቅ። ሁለተኛ ሊሰጥ ያሰበውን ጊታር ለአንድ ወር ዓይኑ በማያይበት ቦታ ያኑረው። በዚያ ወር ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊያወጣው ከሮጠ መልሱን አገኘ፤ ከረሳው ደግሞ ይሽጠው። ሦስተኛ በቤቱ ይማከር። ሚስት ወይም ባል የማያውቁት አምፕሊፋየር ድምፁ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ደግሞ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ነው፤ እቁብ። አሥር ሰዎች በየወሩ 150 ዶላር ቢጥሉ፣ ዕጣው የደረሰው ሰው 1,500 ዶላር በእጁ ይገባል። ባንክ አይጠየቅ፣ ወለድ አይከፈል፣ ጊታር አይሸጥ። ዕጣው እስኪወጣ የሚያልፈው ጊዜም ራሱ መካሪ ነው። ሕልሙ እውነተኛ ከሆነ ከወራት በኋላም ይኖራል፤ የአንድ ሰሞን አምሮት ከነበረ ግን ገንዘቡ ለልጅ ትምህርት ወይም ለእናት መታከሚያ ይውላል፤ ጊታሩም በቦታው ነው።

ለባንዶችና ለምግብ ቤት ባለቤቶችም የሚቀር ድርሻ አለ። በየሳምንቱ የቀጥታ ሙዚቃ የሚያቀርብ ቤት ለቤቱ ልክ የሆነ አንድ ደህና አምፕሊፋየር ገዝቶ ጥግ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ተራ በተራ የሚመጡት ጊታሪስቶች ሁሉ ይጠቀሙበታል፤ ድምፁም ለገበታው የሚመች ይሆናል። እንዲህ ያለው ቤት ሙዚቀኛው በገዛ ጊታሩና በሕልሙ መካከል እንዲመርጥ አያስገድደውም። ይህ እስኪሆን ግን ጊታሪስቱ የብብቱን አጥብቆ ይያዝ። ቆጡ ላይ ያለው መሰላል እስኪገኝ ቢቆይ የትም አይሄድም።